ብርቱካንማው ሊፕስቲክ

ሬሳ የምታሳምር ሴት ባል አታገኝም ብሎ መጀመሪያ የተናገረው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ብቻ ሁሉም ያምነዋል። እሷም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ካመነችው ቆይታለች።

ሥራዋ የቀብር አስፈጻሚ ቤት ውስጥ ነው። የሟቾችን ፊት ታጥባለች፣ ጸጉራቸውን ታበጥራለች፣ የሸሸውን ቀለም አባብላ ትመልሳለች። ቤተሰብ ለመሰናበት ገብቶ «ወይኔ፣ የተኛች እኮ ነው የምትመስለው!» ካለ ሥራዋ ሰምሯል ማለት ነው። «ማን ነው የሠራት?» ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ሥራዋን ያወቀ ሰው ደግሞ ለሰላምታ የዘረጋውን እጅ ወደ ኪሱ ይመልሳል።

አንድ ጊዜ ለመታጨት ደርሳ ነበር። ሰውየው ደግ ነበር፣ ደመወዙም ደህና፣ ጥርሱም ያምራል። የሥራዋን እውነት የነገረችው ቀን የቀዳችለትን ውሃ ሳይጠጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ሆዴን ቆርጦኛል፣ ነገ እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ። ሆዱ እስካሁን አልተሻለውም መሰለኝ፣ አልተመለሰም።

ከዚያ ወዲህ «የት ነው የምትሠሪው?» ለሚላት ሁሉ መልሷ «የውበት ሳሎን» ሆነ። እናቷም ለጎረቤት የምትናገረው ይህንኑ ነው። እናት ውሸቱን ከመውደዷ የተነሳ አንዳንዴ ቤት ውስጥም «ዛሬ ሙሽራ ነበረሽ?» ትላታለች። ልጅቷ «አይ እማዬ፣ ዛሬ አንድ ሽማግሌ ብቻ» ስትላት እናት ወደ ድስቷ ትመለሳለች።

የምትሠራበት ቤት ራሱ ሌላ ቦታ ያልሆነላቸው ሰዎች መጠራቀሚያ ነበር። የሬሳ ሳጥን የሚሠራው አናጺ ሜትር ይባላል፤ ሰው ባየ ቁጥር ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ በዓይኑ ስለሚለካ ነው። ድሮ የአልጋ አናጺ ነበር። አልጋ ሊያዙ የመጡ ሰዎች በዚያ ዓይን ሲለኩ እንቅልፍ እየነሳቸው ሥራው ከሰረ። ስልክ የምታነሳው ደግሞ ሳቂታዋ ናት፣ የባለቤቱ የእህት ልጅ። ስትደነግጥም ስታዝንም የሚመጣባት ሳቅ ነው። ሐዘንተኛ ሲደውል አፏን በሻርፕ አፍና ስለምታወራ ደዋዩ ያለቀሰች መስሎት እሷን ማጽናናት ይይዛል።

ባለቤቱን ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። ለጋሼ የሰው ልጅ ሁለት ዓይነት ነው፦ የሰረቃቸውና ሊሰርቃቸው ያሰበ። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» የሚለው ተረት ከአፋቸው አይለይም። ከሁሉ አብልጠው የሚጠረጥሩት ግን ማዶኞቹን ነው። ማዶኞቹ ማለት ከድልድዩ ማዶ ያለው የቀብር ቤት ሲሆን፣ ባለቤቱ የጋሼ የድሮ ሸሪክ ነበር። ሲጣሉ ዕቃውን ተካፈሉ፣ መኪኖቹን ተካፈሉ፤ ሥርዓቱን ግን ሁለቱም ይዘውት ሄዱ። የሁለቱም ቤት ሠራተኛ ሐዘንተኛ ፊት ሲቆም ቀኝ እጁን በግራው ላይ ይደርባል፣ አንገቱን ዘንበል ያደርጋል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያጽናችሁ። ሌላው የእኛ ሥራ ነው» ይላል። ይህ ነገር ከእሷ ደም ጋር ከመዋሃዱ የተነሳ፣ አውቶቡስ ውስጥ እግሯን ለረገጣት ሰው እንኳ አንገቷን ታዘነብልለታለች።

ሁለተኛውን ሰው ያገኘችው መዋቢያ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ነው። ከእሷ መልክ ጋር ጨርሶ የማይገጥም ገርጣ ያለ ፓውደር እጇ ጀርባ ላይ እየሞከረች ሳለ ከጎኗ አንድ ድምፅ መጣ።

«ይቅርታ እህት፣ ላስቸግርሽ?»

ዞር አለች። ረዘም ያለ ወጣት ነው። በዚያ ቀትር ሙቀት ጥቁር ሱፍ ግጥም አድርጎ ለብሷል፤ ጫማው ፊት ያሳያል። ሁለቱም እጆቹ ኪሱ ውስጥ ናቸው። የተደረደሩትን ሊፕስቲኮች ያመለከታት በአገጩ ነው።

«ለስድሳ ዓመት ሴት የትኛው ይሆናል?»

«ጠይም ናት ቀይ?»

«ጠይም ነበረች… ማለቴ ጠይም ናት። አሁን ትንሽ ገርጥታለች።»

«ትስቃለች?»

አሰበ። «አሁን እንኳ አትስቅም።»

እናቱ ናት፣ ታማለች፣ አለች በልቧ። ፈዘዝ ያለ ሮዝ መረጠችለት። ከዚያ አፏ አላርፍ አለና ጨመረችለት።

«በቀጥታ እንዳትቀባት። መጀመሪያ ጣትህ ላይ አሙቀው፣ ከዚያ ነካ ነካ። ደግሞ ጆሮዋን እንዳትረሳ።»

«ጆሮዋን?»

«ሰው ደም ያለው የሚመስለው በጉንጩ ብቻ አይደለም፤ በጆሮው ነው። እዚህ ጋ፣ ጫፉ ላይ፣ በጣም ትንሽ ቀይ። ከበዛ ያሳፍራል።»

አየት አደረጋት። ዓይኑ ፊቷ ላይ የቆየው ሰው ዕቃ ሲጠይቅ ከሚቆየው በለጥ ላለ ጊዜ ነው። ቀኑን ሙሉ የምትውለው ዓይናቸውን ከጨፈኑ ሰዎች ጋር ነውና፣ ያ አስተያየት ፊቷን አጋለው።

«እንዲህ ያለውን ነገር የት ተማርሽው?»

«ሳሎን ነው የምሠራው። አንተስ?»

«እኔ… ትራንስፖርት ላይ ነኝ።»

ሁለቱም ቶሎ ብለው ስለ ሙቀቱ ማውራት ጀመሩ።

ከሱቁ አጠገብ ኬክ ቤት ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት እዚያ ተገናኙ፣ ከዚያም በሚቀጥለው። ባለሱፉ፣ በልቧ የምትጠራው እንዲያ ነበር፣ ዝግ ያለ ሰው ነው። ወንበር ሲስብ ድምፅ አያሰማም፣ በር ሲዘጋ አይሰማም። ስታወራ አያቋርጣትም። ሲስቅ መጀመሪያ ግራና ቀኝ ያያል፣ መሳቅ የተከለከለበት ቦታ ያለ ይመስል።

«ደንበኞችሽ ያስቸግሩሻል?» አላት አንድ ቀን።

«ኧረ የኔዎቹ ጨዋ ናቸው። ዝም ብለው ነው የሚያሠሩኝ። አልወደድኩትም ብላ የተነሳች እስካሁን አላጋጠመችኝም።»

«ታድለሽ!»

«ያንተ ተሳፋሪዎችስ?»

«የኔዎቹም ጸጥ ያሉ ናቸው። ቀስ ብለህ ንዳ ያለኝ እንኳ የለም።»

«ታድለህ!»

ወደደችው። ይህን መደበቅ አይቻልም፤ ሳቂታዋ እንኳ አውቃባት «ሬሳው ሁሉ ሰሞኑን ፈገግ ፈገግ ይላል» ብላት ነበር። ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ የልቧን ግማሽ ሰጥታ በግማሹ ትጠብቀው ጀመር። ሲጠብቁት ደግሞ የማይጠረጠር ሰው የለም።

መጀመሪያ እጆቹ ናቸው። ከኪሱ አያወጣቸውም። ስኒውን ሊያነሳ ብቻ ብቅ ያደርጋቸውና መልሶ ይከታቸዋል፤ አንድም ቀን ሊጨብጣት ሞክሮ አያውቅም። እሷም የራሷን ከጠረጴዛው ሥር ስለምትደብቅ፣ ማን ማንን እንደሚሸሽ መለየት ያስቸግር ነበር። ቀለበት ነው የሚደብቀው፣ ብላ ደመደመች።

ቀጥሎ ሴቶቹ ናቸው። የስድሳ ዓመቷ እሺ፣ እናቱ ትሁን። ግን በሳምንቱ «ሠላሳዎቹ ውስጥ ናት፣ ፊቷ ክብ ነው፣ ምን ይሻላታል?» አላት። ቀጥሎ አንዲት ቀይ፣ አንገቷ ረጅም የሆነ። ቀጥሎ አንዲት ወይዘሮ። «ትስቃለች?» ብላ በጠየቀች ቁጥር መልሱ አንድ ነው፤ «አሁን አትስቅም።» ይሄ ሰው ምን ቢያደርጋቸው ነው ከሴቶቹ አንዳቸውም የማይስቁት?

አንድ ከሰዓት ደግሞ ፊቷ ተቀምጦ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ዞር ብሎ በዝቅተኛ ድምፅ «መጣሁ። ልብሷን አልብሷትና አዘጋጇት፣ እኔ እወስዳታለሁ» አለ። ተመልሶ ሲቀመጥ ሹካዋን እንደያዘች ቀርታለች።

«ማንን ነው የምትወስዳት?»

«የሥራ ጉዳይ ነው» አለና ኬኩን ማየት ጀመረ።

ለሜትር ነገረችው። ሜትር መሮውን አስቀምጦ አዳመጣትና ራሱን ነቀነቀ።

«እህቴ፣ ይሄ ሰው ወይ ሚስት አለው፣ ወይ ብዙ ሚስት አለው።»

«ብዙ ሚስት ያለው ሰው እንዲህ ዓይን አፋር ይሆናል?»

«ቁመቱ ስንት ነው?»

«ተወኝ አንተ ደግሞ!»

ነገሩ በዚህ እንዳለ ጋሼ አንድ ጠዋት መነጽራቸውን እያወለቁ ገቡ። ጋሼ ማዶኞቹ ሽኝት ባላቸው ቁጥር ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ዘመድ መስለው ገብተው ሥራቸውን የመሰለል ልማድ አላቸው። ዘወትር እየሳቁ ነበር የሚመለሱት፤ የማዶኞቹ ሬሳ የተለሰነ ግድግዳ ነው የሚመስለው። ያን ቀን ግን ሳቅ አልነበረም።

«ጆሮዋ!» አሉ። «ጆሮዋ ቀይ ነው! ሴትዮዋ ልትነሳ ምንም አልቀራት! የኔን ቤት ሙያ ሸጣችሁብኛል! ማን ነው?»

ሳቂታዋ ደነገጠችና ሳቋ መጣ። ጋሼ እሷን በግልምጫ አልፈው ሜትር ላይ አረፉ። ሜትር ከዓመታት በፊት ማዶኞቹ ዘንድ ሠርቷል፤ ለጋሼ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

«አንተ ነህ። እስከ ወሩ መጨረሻ ዕቃህን ሰብስብ።»

«ጋሼ፣ እኔ ስለ ጆሮ ምን አውቃለሁ? እኔ ቁመትና ወርድ ነው የማውቀው!»

«ጠርጥር ብሎኛል አባቴ!» ብለው በሩን ወርውረው ወጡ።

እሷ ብሩሿን እንደያዘች ቆማለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። ስለ ጆሮ በዚህ ምድር ላይ የነገረችው ሰው አንድ ብቻ ነው። ደግሞም የነገረችው ለሕያው ሴት እንዲሆን ነው፤ ታዲያ ከዚያ ወደ ማዶኞቹ ሬሳ ማን አሻገረው?

ሌሊቱን ስታገላብጠው አደረችና ንጋት ላይ ሁሉም ነገር ገጠመላት። ማዶኞቹ ዘንድ አሳማሪ አለች። ያቺ አሳማሪ የባለሱፉ ሚስት ናት። ሚስቱ ሙያ አጥታ ባሏን ልካዋለች፤ እሱ ኬክ እየጋበዘ፣ ዓይን ዓይኗን እያየ፣ ሙያዋን አንድ በአንድ እየለቀመ ሄዷል። በሕይወቷ ፊቷን አይቶ ያልሸሸ አንድ ወንድ ቢገኝ እሱም ያየው ፊቷን አልነበረም። አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ወጥመድ አሰበች። እርግጠኛ ሳትሆን ጋሼ ፊት ቆማ ራሷን ጥፋተኛ ልታደርግ አልደፈረችም፤ ሜትርም እንዲባረር ልትፈቅድ አትችልም።

ቅዳሜ ኬክ ቤት ሲገናኙ ባለሱፉ እንደ ወትሮው አልነበረም። ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል።

«አንዲት ሌላ ሴት ነበረች» አለ።

«ሌላ!»

«ይቺኛዋ ግን ትለያለች። ሃያዎቹ መጨረሻ ላይ ናት። ጠይም። ዓይኖቿ ደከም ያሉ ናቸው፣ ግን በጣም ያምራሉ። ምንም ተቀብታ አይቻት አላውቅም። ስታስብ የታችኛውን ከንፈሯን ትነክሳለች።»

የታችኛውን ከንፈሯን ነክሳ አዳመጠችው።

«ትስቃለች?»

«ትስቃለች» አለ፤ ድምፁ ተለወጠ። «ትስቅና፣ የሰው ነገር እንደወሰደች ሁሉ ቶሎ ትመልሰዋለች።»

ይቺስ ትስቃለች! እስካሁን ያሉት እንኳ አይስቁም ነበር። ይሄ የሚስቱ ተልእኮ አይደለም፣ ሌላ ነገር ነው፤ ወይም ደግሞ ራሷ ሚስቲቱ ናት።

«ተነስ፣ እኔ እመርጥላታለሁ» አለችው።

ሱቁ ገብታ ከመደርደሪያው ጥግ አቧራ የጠገበ አንድ ሊፕስቲክ አወጣች። ብርቱካንማ ነው፣ ያውም የሚያብረቀርቅ። ሻጯ «እሱን? ከመጣ ጀምሮ የነካው ሰው የለም እኮ!» አለች።

ባለሱፉ ክዳኑን ከፍቶ አየውና ተጠራጠረ። «እርግጠኛ ነሽ?»

«የባለሙያ ቃል ነው። ለእሷ ከዚህ ሌላ አይሆናትም።»

«አንቺ ካልሽ» አለና ገዝቶ በደረት ኪሱ ከተተው። የተደሰተ ይመስል ነበር። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

ከዚያ ወዲያ ጥበቃ ሆነ። ከማዶኞቹ ሬሳ አንዱ ብርቱካን ከንፈር ይዞ ከተገኘ ጥርጣሬዋ እውነት ነው። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ሄደው ሲመለሱ በር ላይ ትጠብቃቸዋለች።

«ከንፈሯስ ጋሼ? ቀለሙ ምን ዓይነት ነበር?»

«ልከኛ! ድንቅ! የተረገመ ነው!» ይላሉ ጋሼ እየተቃጠሉ።

ብርቱካን የለም። ሜትር ደግሞ መሮውንና መጋዙን በጨርቅ መጠቅለል ጀምሯል።

በዚያው ሰሞን አንዲት ባልቴት አረፉ። ወንዱ ልጅ ለጋሼ ደወለ፤ እናቱ ከቤት ሳትወጣ እዚያው እንድትሠራለት ፈለገ። ሜትር የመጨረሻ ሥራዬ ነው እያለ ሳጥኑን ጭኖ አደረሳትና መኪናው ውስጥ ቀረ። ልጁ በሩን ከፍቶ በእጁ ወደ ፎቅ አመለከታት። ከጓሮ በኩል የእህቱ ድምፅ ይሰማል፣ በስልክ ስለ ወንድሟ እየተናገረች። ወንድምና እህት ከተኳረፉ የቆዩ፣ በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ በተለያየ በር የሚገቡ መሆናቸውን ማንም አልነገራትም።

ደረጃውን ወጥታ የመኝታ ቤቱን አንዱን በር ገፋ አደረገችው።

ባለሱፉ አልጋው አጠገብ ተቀምጧል።

ጀርባውን ሰጥቷት የአሮጊቷን ነጭ ጸጉር በጣቱ ከግንባራቸው ላይ ወደ ኋላ እየመለሰ ነበር። እጆቹ ከኪሱ ወጥተዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየቻቸው፤ ረጃጅም ናቸው፣ ቀስ ይላሉ፣ ቀለበት የለባቸውም።

እናቱ ናቸው! የገረጣችው፣ የማትስቀዋ እናቱ! ያ ሁሉ ጥርጣሬዋ ባንዴ እፍረት ሆኖ ተደፋባት። እግሯ ግን ሥራውን ያውቃልና ቀጥ ብላ ቆመች። ባለሱፉም ኮቴዋን ሰምቶ ዞረ፤ ቦርሳ ይዛ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ አያት። አሮጊቷ ሌላ ሴት ልጅ እንዳላቸው ሰምቶ ስለነበር እሷ መሰለችውና ክው ብሎ ተነሳ።

ሁለቱም ቀኝ እጃቸውን በግራው ላይ ደረቡ። ሁለቱም አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ።

«ያጽናህ…»

«ያጽናሽ…»

«ሌላው የእኛ ሥራ ነው» አሉ እኩል።

እሱ የእሷን እጆች አየ። እሷ የእሱን አንገት አየች። ከልቡ ያዘነ ሰው አንገቱ እንዲያ ተስተካክሎ አይዘነብልም፤ ያን ልክ የሚያውቁት ሁለት ቤቶች ብቻ ናቸው።

«ትራንስፖርት?» አለችው።

«ሳሎን?» አላት።

የአሮጊቷን ጆሮ አየች። ጫፉ ላይ፣ በጣም ትንሽ፣ ቀይ ተነክቷል። ደሟ ፈላ።

«ሰላይ ነህ! ማዶኛ ነህ!»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል። እኛን የጠራችን እህትየው ናት። ሾፌር ነኝ። አሳማሪያችን አግብታ ሄደች፣ ከዚያ…»

«አግብታ?» አለች ሳታስበው። «አሳማሪ ሆና?»

«አዎ።»

«ማን አገባት?»

«አንድ የሒሳብ አስተማሪ። ምን ላድርግ፣ ሾፌሩ ይሥራ ተባለ። መጀመሪያ የሠራኋቸውን ሴትዮ ልጆቻቸው ሲያዩ ጮኹ፤ በሐዘን አይደለም። በነጋታው ነው ሱቅ የሄድኩት። አንቺ ሕያው ሰው የምትሠሪ መስሎኝ ነበር። ሙሽራ ምናምን። አስከሬን መኪና እንደምነዳ ብነግርሽ የምትመለሺ አልመሰለኝም።» ዝቅ አለ ድምፁ። «ስነግራቸው ይሄዳሉ። አንዷ እጄን ይዛ ነበር፣ ስነግራት ለቀቀችው። ከዚያ በኋላ ከኪሴ አላወጣውም።»

ይህን ታሪክ በቃሏ ታውቀዋለች። ቢሆንም ጥርጣሬ ቤት ከሠራ ባንድ ቀን አይለቅም።

«እነዚያ ሴቶችስ? ክብ ፊቷ? አንገተ ረጅሟ?»

«ሞተዋል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

በሕይወቷ እንዲህ ደስ ያሰኛት የሞት ወሬ ሰምታ አታውቅም። ግን ወዲያው አንዷ ትዝ አለቻት።

«ያቺ የምትስቀዋስ? እሷም ሞተች?»

የባለሱፉ የራሱ ጆሮ ቀላ፣ ያለ ምንም ቀለም። እጁን ደረት ኪሱ ውስጥ ከቶ ብርቱካንማውን ሊፕስቲክ አወጣ።

«እሷ አለች። እንዴት ብዬ እንደምሰጣት ጨንቆኝ ይዤው እዞራለሁ። አሁን ደግሞ ልትገድለኝ ነው መሰለኝ።»

ከአልጋው ማዶ ቁም ሣጥን ነበረ፣ መስታወት ያለው። ፊቷን ለማየት ብላ አልነበረም የዞረችው፤ እሱን ላለማየት ነው። መስታወቱ ውስጥ ግን አንዲት ጠይም ሴት፣ ዓይኗ ደከም ያለ፣ የታችኛውን ከንፈሯን ነክሳ ቆማ አየቻት። ቀኑን ሙሉ የሰው ፊት ስታጠና ትውላለች፤ የራሷን ስትሰማው አላወቀችውም ነበር።

«በጣም አስቀያሚ ቀለም ነው» አለች በቀጭን ድምፅ።

«አዎ» አለ። «ግን የመረጥሽው አንቺ ነሽ።»

ከሁለት አቅጣጫ ኮቴ ተሰማ። «የቀኝ ጆሯቸው ትንሽ በዝቷል» አለች ፈጥና፤ ጎንበስ ብላ በጣቷ አለዘበችው። እሱ አንገትጌያቸውን አስተካከለ። እጆቻቸው ትራሱ ላይ ተነካኩ፤ ማንም አልሸሸም።

ወንድምና እህት በሁለቱ በሮች ገቡ። ሊጣሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር፣ እናታቸውን ሲያዩ ተዘጋ። እህትየው «ተኝታ ነው የምትመስለው» አለች። ወንድምየው ዓይኑን እየጠረገ ዞረ።

«ማን ነው የሠራት?»

ይህን ጥያቄ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቀው ኖራለች። አሁን ሲመጣ በጣቷ ወደ ባለሱፉ ጠቆመች፤ ባለሱፉ ወደ እሷ ጠቆመ። ወንድምየው ሁለቱንም አያቸውና እጁን ዘርግቶ አንድ በአንድ ጨበጣቸው።

ጋሼ ዘንድ የሄደችው በዚያው ከሰዓት ነው። ሜትር ጠቅልሎ የጨረሰው ዕቃ በር ላይ ተቀምጧል፣ ሳቂታዋ ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። ሥራዋን ልታጣ እንደምትችል ታውቃለች። ከዚህ ቤት ሌላ የሚቀበላት ቦታ እንደሌለም ታውቃለች።

«ጋሼ፣ ሜትርን ይተዉት። የጆሮውን የነገርኩት እኔ ነኝ።»

ጋሼ ብድግ አሉ። «ለማን?»

«ለአንድ ሰው። ማዶኛ መሆኑን አላውቅም ነበር። እሱም እኔ የማን እንደሆንኩ አያውቅም ነበር።»

«ሰላይ ነው!»

«አይደለም ጋሼ። ይወደኛል።»

«በምን ታረጋግጪያለሽ? ሞኝ ነሽ! ሙያሽን ነው የወደደው! ጠርጥር ይላል…»

«ጠርጥሬ ጨርሻለሁ» አለች። ከቦርሳዋ ባለሱፉ የሰጣትን ብርቱካንማ ሊፕስቲክ አወጣች። ግድግዳው ላይ ያለው ትንሽ መስታወት ፊት ቆማ፣ ጣቷ ላይ ሳታሞቅ፣ ነካ ነካ ሳታደርግ፣ ዳር እስከ ዳር ተቀባችውና ዞረች። «ይሄን ለኔ ገዛ። እኔ ነኝ የመረጥኩለት፣ ለሌላ ሴት መስሎኝ፣ ሆን ብዬ። ባለሙያ ነው፣ ቀለሙ ምን እንደሆነ ያውቃል። እኔ ስላልኩ ብቻ ገዝቶ በደረቱ ይዞት ዞረ።»

ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ። አወለቁት። መልሰው አደረጉት።

«ይሄ» አሉ በመጨረሻ፣ «ለሬሳም ነውር ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እንዲህ ያለ ነገር በገዛ ብሩ የሚገዛ ሰው ሰላይ አይደለም። ሰላይ ያስባል።» ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡና ረጅም ትንፋሽ ወጣቸው። «ሜትር! ያን ጥቅልህን ፍታው፣ መንገድ ዘጋህ። አንቺ ደግሞ ከዚህ ወዲያ ስለ ጆሮ ትንፍሽ እንዳትይ። ለባልሽም ቢሆን።»

«ባሌ ማን አለ ጋሼ?»

«እኔ እንጃ! በር ላይ የቆመውን መኪና ሂጂና ጠይቂው!»

ሳቂታዋ ይህን ስትሰማ ሻርፗን ከአፏ አነሳች። ሁሉም ሳቋን ጠበቁ፤ እሷ ግን ስቅስቅ ብላ ማልቀስ ጀመረች፣ ሜትርም ምን እንደሚያደርጋት ጨንቆት መሐረብ ሊፈልግ ሮጠ።

የማዶኞቹ ረጅም ጥቁር መኪና በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ባለሱፉ ወርዶ ሲያያት ዓይኑ ከንፈሯ ላይ ቀረ። ግራና ቀኝ ሳያይ ሳቀ፣ ጮክ ብሎ። እሷም ሳቀች፤ በዚህ ጊዜ አልመለሰችውም።

እጁን ዘረጋላት። ቀዝቃዛ ነበር፣ የእሷም ቀዝቃዛ ነበር። ሁለቱም ይህን ያውቁት ስለነበር እስኪሞቅ ድረስ ያዙት።

«እናቴ ዘንድ ውሰደኝ» አለች። «የሳሎኑ ወሬ ይቅርና ስለ አንተ ልንገራት። መኪናውን ጎረቤት ሁሉ ይየው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የባለሙያ ቃል ነው።»

በዚያ መኪና በገዛ እግራቸው የገቡ ብዙ አይደሉም። እሷ የፊቱን በር ከፍታ ገባች፣ ቀሚሷን ሰበሰበች፣ ሊፕስቲኳን በጎን መስታወቱ አየች። ባለሱፉ ሞተሩን አስነሳና፣ ዓይኑ እሷ ላይ ስለነበር መሰለኝ፣ መኪናው ዘለል ብሎ ተነሳ።

«ኧረ ቀስ ብለህ ንዳ!» አለችው።

መሪውን እንደያዘ ዞሮ አያት። ያን ቃል ከተሳፋሪ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር፤ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ መኪናውንም ቀስ አደረገው።